«ኮምፒውተሩ ነው» ከመባሉ በፊት



ጋራዥ ውስጥ ከሚነገረው ሁሉ የባለቤቱን ወገብ የሚቆርጠው «ኮምፒውተሩ ነው» የሚለው ነው። ካንዴላ አልቋል ሲባል ሰው አስፈትቶ ያያል። የፍሬን ሸራ አልቋል ሲባል በጣቱ ይዳስሳል። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ ከክሩስኮቱ ኋላ የተደበቀ የታሸገ ሳጥን ነው፤ ደህናውም የሞተውም ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ስለዚህ ፍርዱ ይግባኝ የለውም። ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ገንዘብ ፍለጋ ይሄዳል።

የዛሬ ንግግሬን ፍሬ ከወዲሁ ልንገራችሁ። እኔ እንደማየው በእኛ ጋራዦች ብዙ ኮምፒውተር የሚቀየረው ስለተቃጠለ አይደለም፤ አለመቃጠሉን ለማረጋገጥ ለሚጠፋው ሰዓት የሚከፍል ሰው ስለሌለ ነው። ለዕቃ እንከፍላለን፣ ለምርመራ አንከፍልም። ይህን ያልኩት መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ የባለቤቶችም ነው፤ ወደዚያ ስንደርስ በዝርዝር እመጣበታለሁ።

ጉዳዩ ዛሬ የሚያነጋግረን አሮጌ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ስለሚኖሩ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ክልከላውን የሚደግፍ አለ፣ የሚቃወም አለ፤ የዛሬው መድረክ ለዚያ አይደለም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራው ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስና ዶልፊን በሌላ የነዳጅ መኪና የሚተካበት በር ጠቧል። ይጠገናል እንጂ አይጣልም። ከእነዚህ መኪኖች በብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ከመኪናው ጋር እኩል አርጅቷል።

ሰማያዊና ነጭ ላዳዎቻችን ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ካርቡሬተር በካቻቢቴ ይስተካከላል፤ ሽማግሌ መካኒክ በጆሮው ሰምቶ ሚኒሞውን ያቆመዋል። ነገር ግን ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ቢያንስም ቤንዚኑን እንደ ለመደው ያወርዳል። ጥቁር ጭሱም የነዳጅ ብክነቱም ከዚህ ይመጣል። ኮምፒውተር ያለው መኪና የአየሩን መጠን በሴንሰር ይለካና ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ማንም ምንም ሳይነካው ራሱን አስተካክሎ ነው። ስለዚህ «የድሮው ይሻል ነበር» ለሚሉ ወዳጆቼ መልሴ አጭር ነው፦ ለዚህ አገር ከፍታ አይሻልም።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን ርጭትን በብዛት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ ነው። ርጭቱንና የካንዴላውን እሳት በአንድ ዲጂታል ሳጥን ያዋሐደው ሞትሮኒክ ደግሞ በ1979 በቢኤምደብሊው 732i ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ የጃፓኖቹም የአሜሪካኖቹም ተከተሉ። በ1996 አሜሪካ የሚሸጥ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ባለ 16 ፒን የምርመራ ሶኬት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ዛሬ በየጋራዡ የምናየው ስካነር የሚሰካው እዚያ ላይ ነው።

የሥራውን ፍጥነት ለመገመት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 50 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 100 ጊዜ እሳት ይፈልጋል። ለእያንዳንዷ እሳት ኮምፒውተሩ የክራንኩን ቦታ፣ የሚገባውን አየር፣ የውሃውን ሙቀትና የፔዳሉን አረጋገጥ ያነባል፤ ከዚያ ኢንጀክተሩን ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ከፍቶ ይዘጋል። ይህን ሥራ ያለ ዕረፍት ሃያ ዓመት የሠራ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ታማኙ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን የሚገባውም ለዚህ ነው።

ቢሆንም ይሞታል። እንዴት እንደሚሞት እናውቅ፤ ምክንያቱም ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ መግጠም ገዳዩን ሌላ ሰለባ መመገብ ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻና በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ኮምፒውተሮች ዋናው ጠላታቸው ዕድሜ ነው። ውስጣቸው ያሉት ትንንሽ የሲሊንደር ቅርጽ ካፓሲተሮች በፈሳሽ የተሞሉ ናቸው። ሙቀት ፈሳሹን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ በኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል። ከመድረቁ በፊት ደግሞ ከሥሩ የሚያፈስስበት ጊዜ አለ። የፈሰሰው ነገር መዳቡን ይበላዋል። የዚያን ዘመን ሚትሱቢሺ ጋላንትና ኢክሊፕስ በዚህ ችግር የታወቁ ናቸው፤ የዘመኑ ቶዮታዎችም አልተረፉም። ሳጥኑ ሲከፈት ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ካለው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። የዚህ ዓይነቱ አሟሟት ድንገተኛ አይደለም፤ ጠዋት ለመነሣት ማስቸገር፣ ሚኒሞ መዋዠቅ፣ አንዳንዴ ደህና መሆን፣ ከዚያ እንደገና መጥፋት እያለ ወራት ይወስዳል።

ሁለተኛው የስታኞ መሰንጠቅ ነው። ዕቃዎቹ በስታኞ የተበየዱበት ሰሌዳ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በዚህ መሀል የአንዲት ፒን ሥር ፀጉር በማይሞላ ስንጥቅ ትላቀቃለች። ይህ የርካሽ ፋብሪካ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ 1.13 ሚሊዮን ገደማ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ በሞተር ኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ ስታኞው ወይም ከቮልቴጅ መብዛት የሚከላከለው ትንሽ ዕቃ ሊሰነጠቅ መቻሉ ነበር፤ ሲብስ መኪናው እየሄደ ሞተሩ ይጠፋል። የቶዮታ ስም ያለበት ሳጥንም ይሰነጠቃል ለማለት ነው። ስንጥቅ ያለበት ሳጥን ምልክቱ ከሙቀት ጋር መምጣቱና መሄዱ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ሳጥኑን በፀጉር ማድረቂያ ለዘብ አድርጎ ማሞቅ ወይም በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል።

ሦስተኛው ግድያ ነው፤ ገዳዩም ከውጭ ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተርን፣ ኮይልን፣ የሚኒሞ ሞተርን የሚያዝዘው በትንንሽ ትራንዚስተሮች በኩል ነው። ኮይሉ ወይም የሚኒሞ ሞተሩ ውስጡ ሾርት ካደረገ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ትራንዚስተሩም ይጋያል። ቅድም የጠቀስኳቸው ሚትሱቢሺዎች እዚህም ምሳሌ ይሆናሉ፦ የሚኒሞ ሞተራቸው ጥቅሎች ሲለኩ ከ28 እስከ 33 ኦም መሆን አለባቸው። ከዚያ በጣም ወርዶ የተገኘ ሞተር ባለበት መኪና ላይ ምትክ ኮምፒውተር የገጠመ ሰው፣ ቁልፉን በከፈተበት ቅጽበት የገዛውን ዕቃ አቃጠለ። «ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ነው የተቃጠለው» ብሎ ሦስተኛ ፍለጋ ይሄዳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በሰው እጅ የሚመጣውንም ልጨምር። ባትሪ ሲያልቅ ከሌላ መኪና በኬብል ሲነሣ ፖዘቲቭና ነጋቲቭ መገለባበጥ። ሳጥኑ ከነባትሪው ተሰክቶ ሻንሲ ላይ ብየዳ መበየድ። ዲናሞው ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ 15 ቮልት አልፎ ሲሞላ «ባትሪው ቶሎ ይሞላል» ብሎ ዝም ማለት። ላቫጆ ላይ ኮፈን ተከፍቶ በግፊት ውሃ ሞተር ማጠብ፤ ይህኛው በተለይ ኮምፒውተራቸው ኮፈን ሥር ለሆኑ መኪኖች ነው። ሞተር ማሳጠብ ለምን እንደምንወድ አላውቅም። መኪና የሚሸጥ ሰው ሲያሳጥብ ይገባኛል፤ ዘይት የሚያፈስስበትን ቦታ ለመደበቅ ነው። ሌሎቻችን ግን ምን ሆነን ነው?

አሁን ወደ አስመሳዮቹ እንምጣ፤ ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ የሚያስመስሉት ማለቴ ነው። የዛሬው ዋና ክፍል ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

የአስመሳዮች ሁሉ አለቃ ማሳ ነው። ኮምፒውተሩ 12 ቮልት ቢደርሰውም ወደ ባትሪው ነጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ከተበላሸ ያብዳል። የማሳው ሽቦ ሞተሩ ላይ በአንዲት ቡሎን ይታሰራል፤ ሞተር ተከፍቶ ሲገጠም ያች ቡሎን ትረሳለች፣ ትላላለች ወይም በዝገት ላይ ትታሰራለች። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን የሚሸወድበት ነገር አለ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ሽቦውን ይለካል፣ ዜሮ ይላል፣ «ማሳው ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ከሃያ ክር ውስጥ አንዲት ክር ብቻ የቀረችላት ሽቦም ኦም ላይ ዜሮ ትላለች፤ ጭነት ሲመጣባት ግን አትችልም። ስለዚህ ማሳ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ወይም ሞተሪኖው እየዞረ፣ ቴስተሩ ቮልት ላይ ሆኖ፣ አንዱ ጫፍ በኮምፒውተሩ የማሳ ፒን ሌላው በባትሪው ነጋቲቭ ላይ ተደርጎ ነው። ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ መንገዱ ላይ ችግር አለ። ይህች አንዲት ልኬት አምስት ደቂቃ አትፈጅም፤ ስንቱን ኮምፒውተር ከመፈታት ባዳነች ነበር።

ሁለተኛው አስመሳይ ሪሌ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ በተሠሩ የሆንዳ ሲቪክና አኮርድ ላይ ለኮምፒውተሩና ለነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዋናው ሪሌ ስታኞው ይሰነጠቃል። ጠዋት ደህና ይነሣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ቆሞ ክሩስኮቱ ሲግል አይነሣም፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ኮምፒውተር ይላል። መድኃኒቱ ግን ሪሌውን ከፍቶ ስታኞውን እንደገና ማቅለጥ ነው።

ሦስተኛው 5 ቮልቷ ነች። ኮምፒውተሩ ከ12 ቮልቱ ላይ ንጹሕ 5 ቮልት አውጥቶ ለብዙ ሴንሰሮች በአንድ መስመር ያካፍላል። ከሴንሰሮቹ አንዱ ወይም አንድ የተላጠ ሽቦ ያችን 5 ቮልት ከማሳ ጋር ካገናኛት መስመሩ ሁሉ ይወድቃል፤ በብዙ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ዝም ይላል። ቼክ መብራት የለም፣ ስካነር አይገናኝም፣ ሞተር አይነሣም። ከዚህ የበለጠ የሞተ ኮምፒውተር የሚመስል ነገር የለም። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ቁልፉን ከፍቶ 5 ቮልቷን እየለኩ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ መንቀል። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቷ ከተመለሰች ጥፋተኛው ተገኘ፤ ዋጋውም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የውሃ ሙቀት ሴንሰርንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በአብዛኛው ቶዮታ ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ተበላሽቶ ሞተሩ ሞቆ ሳለ «ቀዝቃዛ ነኝ» እያለ ከዋሸ ኮምፒውተሩ ያመነውን ያደርጋል፤ ቤንዚን ይጨምራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ «ኮምፒውተሩ ነዳጅ እያበዛ ነው» ይባላል። በእርግጥም ያበዛው እሱ ነው። የዋሸው ግን ሌላ ነው።

በአገራችን ደግሞ ለብቻው የሚታይ አንድ ነገር አለ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ብዙ ናቸው። መሪውን ለማዛወር ክሩስኮቱ ሙሉ በሙሉ ወርዷል፣ የሽቦው ጥቅል ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የዚያን ቀን የተቀጠለች ሽቦ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ገብቷት አረንጓዴ ትሆናለች። እንዲህ ያለ መኪና ሲመጣላችሁ ከኮምፒውተሩ በፊት ቅጥያዎቹን ፈልጉ።

ይህን ሁሉ መፈተሽ ግማሽ ቀን፣ ሲያስቸግር አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እና ማን ይክፈል? ብዙዎቻችን የምናውቀው ንግግር ይኸው፦

«ምን ቀየርክለት?»

«ምንም አልተቀየረም፤ የማሳው ቡሎን ላልቶ ነበር፣ ጠርጌ አሰርኩት።»

«ቡሎን ላሰርክበት ነው ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ?»

በቃ። ያ መካኒክ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ኮምፒውተር ገዝቶ ይገጥማል፤ ሲፈታው ሲገጥመው የማሳውን ቡሎን አብሮ ያጠብቃል፣ መኪናውም ይነሣል። ባለቤቱ ያለ ክርክር ይከፍላል፤ በእጁ የሚያየው ዕቃ አለና። ያመሰግናልም። እዚህ ውስጥ የዋሸ ሰው ላይኖር ይችላል፤ መካኒኩም ራሱ ኮምፒውተሩ እንደነበር አምኖ ቀርቶ ይሆናል። ዕውቀቱ በዚህ መንገድ ተበላሽቶ ለተማሪው ይተላለፋል፦ «ይህ ሞዴል ኮምፒውተሩ ቶሎ ይሞታል» ይባላል። ስለዚህ ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች፣ የምርመራ ዋጋ ለብቻው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ዕቃ ይቀየር አይቀየር የሚከፈል መሆኑን መኪናው ከመግባቱ በፊት ንገሩ። ባለቤቶች ደግሞ ቡሎን አስሮ ላዳናችሁ ሰው ስትከፍሉ የተረፈላችሁን ገንዘብ አስቡ እንጂ የቡሎኑን ዋጋ አትገምቱ።

ሁሉም ተፈትሾ ጥፋቱ በእርግጥ ከሳጥኑ ሲሆንስ? ቁልፍ ሲከፈት ቼክ መብራት አይበራም፤ 12 ቮልቱ በሚገባው ፒን ሁሉ ደርሷል፣ ማሳው በጭነት ተለክቶ ደህና ነው፣ ሴንሰሮች ሁሉ ተነቅለው፣ ሽቦዋም ከማሳ ጋር አለመገናኘቱ ታይቶ፣ 5 ቮልቷ የለችም። ያኔ ፍርዱ እውነት ነው። በስካነር ከማይነበቡት የቀድሞ ቶዮታዎች ጋር ከሆናችሁም ኮፈን ሥር ያለችው የምርመራ ሳጥን አለች፤ በብዙዎቹ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ክፈቱና የቼክ መብራቱን ብልጭታ ቁጠሩ። ሁለት ብልጭ፣ እረፍት፣ ሁለት ብልጭ ካለ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። ብልጭታውን በትክክል የሚቆጥርላችሁ ኮምፒውተር ቢያንስ ነፍሱ አለች።

ምትክ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለበት የአሮጌውን ሳጥን ቁጥር ነው። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል፤ ይህ «የሞተር ኮምፒውተር» ከማለት አያልፍም። ወሳኞቹ ከሰረዙ በኋላ ያሉት አምስቱ ናቸው። ሞተሩ አንድ ሆኖ ካምቢዮው አውቶማቲክ ወይም ማኑዋል በመሆኑ ብቻ ይለያያሉ፤ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው ይለያያሉ። ሶኬቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፤ ተመሳሳይ ሶኬት ላይ አንዲት ፒን ሥራዋ ከተለየ አዲሱንም የሚያቃጥል በቂ ምክንያት ነው። ነጋዴው «ያው ነው፣ ይሠራል» ቢላችሁ አትቆጡት፤ እሱ ዕቃ ሻጭ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተሸጠ አይመለስም የሚለውን ደንብ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ቢያንስ ገጥሞ ለመሞከር አንድ ቀን ጠይቁ። ከመንገድ ላይ ሰው በፌስታል ይዞት የሚዞረውን ደግሞ አትግዙ። ስፖኪዮው ተሰርቆበት መልሶ የገዛ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም፤ ኮምፒውተርም እንደዚያው ይመጣል።

በተለይ በፈረንጅ አቆጣጠር ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩት መኪኖች ላይ ሌላ እንቅፋት አለ፦ ቁልፉ። የቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ቁልፎች ብቻ ነው። ከሌላ መኪና የወጣ ሳጥን ስትገጥሙ የእናንተን ቁልፍ አያውቅም፤ ሞተሩ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል ወይም ጭራሽ አይነሣም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የገዛሁትም የተበላሸ ነው» ይላል። የቁልፎቹ መለያ በብዙ ሳጥኖች ውስጥ የተጻፈው ሰሌዳው ላይ ባለች ስምንት እግር ባላት ትንሽ የማስታወሻ አይሲ ላይ ነው። እጁ የተፍታታ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከአሮጌው አንሥቶ ወደ ምትኩ ያዛውራታል፤ ወይም ያለባትን ጽሑፍ አንብቦ ይገለብጣል። መኪናው በገዛ ቁልፉ ይነሣል። ይህን የሚሠሩ ልጆች አሁን በከተማችን አሉ፤ አብዛኞቹ የመጡት ከሞባይል ጥገና ነው።

መግጠሙ ራሱ አጭር ሥራ ነው። የባትሪው ነጋቲቭ ይነቀላል፣ ጥቂት ይጠበቃል፣ ከዚያ ሶኬቱ ይፈታል። ፒኖቹ በእጅ አይነኩም። ሳጥኑን ከማንሣት በፊት የሻንሲውን ባዶ ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያወርዳል፤ በተለይ በደረቁ ወራት ናይለን ለብሶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ጊዜ ቢዛባ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩን እየተማረ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ ኮምፒውተር ከተቀየረ ወይም ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ወዲያው ለጭስ ምርመራ ቢሄዱ ማሽኑ «ገና ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ መኪናው በከተማም በአውራ ጎዳናም ጥቂት ቀን ተነድቶ ራሱን ፈትሾ መጨረስ አለበት። መኪናቸው ስምንት ዓመት ወይም 80,000 ማይል ካልሞላው ደግሞ የሞተር ኮምፒውተሩ በአገሪቱ ሕግ በአምራቹ የጭስ ዋስትና ይሸፈናል፤ ከኪሳቸው ከመክፈላቸው በፊት ይጠይቁ።

ልጨርስ ነው። አሮጌው ሳጥን ከወጣ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ለቁራሌውም አትስጡት። ካፓሲተሩ ያፈሰሰ ከሆነ ፈሳሹ ታጥቦ፣ 105 ዲግሪ የሚችል አዲስ ካፓሲተር ተተክቶለት፣ የተበላው መዳብ በሽቦ ተቀጥሎ ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ የካፓሲተሮቹ ዋጋም ከሳጥኑ ዋጋ አንጻር ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፤ የገዛችሁት ምትክም እኮ የዚያው ዘመን ልጅ ስለሆነ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የእናንተውን ያህል አርጅተዋል። ተከፍቶ ሳይታይ እንዳይገጠም። የማይነሣ ከሆነም የቁልፉ አይሲ ወደ ምትኩ ካልተዛወረች ያለችው እዚያ ውስጥ ነው፤ ምትኩ ነገ ቢበላሽ መልሳችሁ ትፈልጓታላችሁ። ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ከፊት ካሉት ወጣቶች እንጀምር።